ኮቴውን ማን አየለት?

ፈረሱ ዳማ ነው፤ ግንባሩ ላይ ቦቃ አለበት። ባለቤቱ ወጣት ጀርባውን ለፈረሱ ራስ ሰጥቶ ቆመና ከትከሻው ጀምሮ በመዳፉ እየዳሰሰ ወረደ። ከጉልበቱ በታች ያለውን ጅማት ቆንጠጥ ሲያደርገው ዳማው የግራ የፊት እግሩን ሳይታገል ሰጠው። ወጣቱ ኮቴውን በሁለት ጉልበቶቹ መሐል ያዘና ጫፉ የደነዘ ካቻቪቴ ከኪሱ አውጥቶ ከተረከዝ ወደ ፊት ይቦረቡር ጀመር። መጀመሪያ የደረቀ ጭቃ ወጣ። ቀጥሎ ፋንድያ የተለወሰበት እርጥብ ነገር፣ ከዚያም አንዲት ሹል ኮረት። መጨረሻ ላይ የወጣው ጥቁር ነው፤ ዝልግልግ ያለ፣ ሽታው አፍንጫ የሚያስይዝ።

«ይኼ ባለፈው ሳምንት አልነበረም» አለ።

አጠገቡ ድንጋይ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ አንገታቸውን አስግገው አዩት። «ግራና ቀኝ ያለውን ስርጉድ አላጸዳኸውም። ሽታው ከዚያ ነው የሚመጣው።»

«እሺ አባባ።»

ቦታው አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ቀራንዮ፣ ዘነበወርቅ ነው። ወጣቱ በዚህ ፈረስ ጋሪ እየሳበ አሸዋ፣ ብሎኬትና የተቆራረጠ ፌሮ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ያመላልሳል። «ዋናው አስፋልት ላይ ከወጣን ያስቆሙናል» ይላል። ፈረሱ ጫማ የለውም፤ ኖሮትም አያውቅም። አራቱም ኮቴዎቹ እንደተፈጠሩ ናቸው፤ ኮብልስቶኑንም ኮረቱንም ጭቃውንም የሚረግጡት እነሱው ናቸው።

ሽማግሌው ደግሞ ፈረስ ኖሯቸው አያውቅም። የሚያውቁት እግር ነው። በወጣትነታቸው የሥጋ ደዌ ይዟቸው ለሕክምና ወደዚህ ሰፈር መጡ፤ ዳኑ፤ ትዳር መሠረቱና እዚሁ ቀሩ። በሽታው ከሰውነታቸው ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ የእግራቸው መዳፍ ግን እስካሁን ሙቀትና ብርድ፣ እሾህና ጠጠር አይለይም። ስለዚህ ማታ ማታ ጫማቸውን አውልቀው ውስጡን በእጃቸው ይፈትሻሉ፤ እግራቸውን ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፋሉ፤ የጠጠረውን ቆዳ በድንጋይ ይፍቃሉ፤ ቅባት ይቀባሉ። የማያዩትን ጎን የልጅ ልጃቸው ታይላቸዋለች።

ይህ ልማድ የእሳቸው ብቻ አይደለም፤ የሰፈሩ ትምህርት ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በወጣትነቷ ካረፈችው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ከልዕልት ዘነበወርቅ ነው፤ የሥጋ ደዌ ሆስፒታሉ በስሟ ተጠራ። በ1958 ዓ.ም. እዚያው ግቢ ላይ አለርት የተባለው የሥጋ ደዌ ማዕከል ሲቋቋም ሥራው ከማከም አልፎ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች የሚመጡ ባለሙያዎችን ማሠልጠን ሆነ። በዚያ ዘመን ለሕክምናው እየጠሩ ከመጡ ነገሮች አንዱ የእግር ቁስል መንሥኤ ነው። የታማሚውን እግር የሚያቆስለውና ጣቱን የሚያሳጣው ጀርሙ ራሱ በቀጥታ እንዳልሆነ ታወቀ። ነርቩ ሲደነዝዝ ሰው ሕመም አይሰማውም፤ ሕመም ስላልተሰማውም በዚያችው በተጎዳች ቦታ ላይ ደግሞ ደጋግሞ ይረግጣል። እግሩን የሚጨርሰው ይህ ድግግሞሽ ነው። ለዚህ ነው በሆስፒታሉ ከመድኃኒቱ ጎን ጫማ የሚሰፋበት ወርክሾፕ የተቋቋመው፤ ለዚህ ነው ታካሚው እግሩን በየቀኑ በዓይኑ እንዲመረምር የሚማረው።

ሰውን ከእንስሳ ጋር ማነጻጸሬ አይደለም። እንዲያውም በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው፤ ፈረስ ሕመሙ ይሰማዋል። የኮቴው ውጫዊ ቅርፊት እንደ ጥፍራችን ስሜት የለውም፤ ከሥሩ ያለው ሥጋ ግን በደም ሥርና በነርቭ የተሞላ ነው። ችግሩ ፈረስ አይናገርም። አውሬ የሚያሳድደው እንስሳ ሆኖ ስለተፈጠረ ድካሙን ይሸሽጋል፤ ማነከስ የሚጀምረው ነገሩ ከከፋ በኋላ ነው። ሽማግሌው ይህን ከማንም መጽሐፍ አላነበቡትም። ወጣቱ ጎረቤታቸው አንድ ቀን «ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ደህና ያደረ ፈረስ ዛሬ አልራመድ አለ» ብሎ ሲማረር የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «ኮቴውን ማን አየለት?»

ማንም አላየለትም ነበር።

የፈረስ ኮቴ ከላይ ሲያዩት ድፍን ቀንድ ይመስላል። ገልብጠው ሲያዩት ሌላ ነገር ነው። ዙሪያውን ጠንካራው ቅርፊት ከቦታል፤ ክብደቱን በዋናነት የሚሸከመው እሱ ነው። ከቅርፊቱ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ነጣ ያለች ቀጭን መስመር ትታያለች፤ ቅርፊቱና መዳፉ የሚገናኙባት ስፌት እሷ ነች። መዳፉ ትንሽ ሰርጎድ ያለ ነው። ከተረከዙ ተነሥቶ ወደ ፊት እየጠበበ የሚሄድ፣ ጎማ የሚመስል ሦስት ማዕዘን ሥጋ ደግሞ መሐሉ ላይ ተኝቷል። ፈረሱ በረገጠ ቁጥር ተረከዙ በመጠኑ ይከፈታል፤ ይህ ለስላሳ ሥጋና ከበላዩ ያለው ትራስ ድንጋጤውን ይቀበላሉ፤ ደሙም ወደ ላይ እንዲመለስ ይረዳሉ። ጋጣ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ታስሮ የሚውል ፈረስ እግሩ የሚያብጠው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ቅርፊቱ ከላይ፣ ጠጉሩ ካለቀበት መስመር ተነሥቶ ወደ ታች ያድጋል፤ በወር ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር። ስለዚህ ዛሬ ከላይ የበቀለው መሬት እስኪነካ ከ9 ወር እስከ 1 ዓመት ይወስዳል። ጥሩ ዓይን ያለው ሰው የፈረሱን ያለፈ ዓመት ከኮቴው ሊያነብ ይችላል፤ የተራበበት ወር፣ ትኩሳት የያዘው ሳምንት፣ ከሣር ወደ ፍሩሽካ የተዛወረበት ጊዜ ዙሪያውን እንደ ቀለበት ሆኖ ይቀራል።

የባዶ እግር ፈረስ ጉዳይ ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚያርፈው። ኮቴው ያድጋል፤ መሬቱ ይበላዋል። ሁለቱ እኩል ከሄዱ ፈረሱ ብረት አያስፈልገውም። መሬቱ ከበለጠ መዳፉ ይሳሳና ጠጠር ባለፈበት ሁሉ ይሸማቀቃል። እድገቱ ከበለጠ ጣቱ እየረዘመ ወደ ፊት ይሾልካል፤ ተረከዙ ይወድቃል፤ ቅርፊቱ ወደ ጎን ይበለጠጣል፤ ያኔ ነጯ መስመር እየተከፈተች ቆሻሻ ታስገባለች።

በአገራችን ከ2 ሚሊዮን በላይ ፈረስ አለ። አብዛኛው የገጠር ፈረስ ነው፤ ጫማም አያውቅም። የጥንቱም እንዲሁ ነበር። አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኛው፣ አባ ነፍሶ እየተባለ ጌታው በፈረሱ ስም በተጠራበት አገር አብዛኛው ፈረስ ተራራና ገደሉን የወጣው የወረደው በገዛ ኮቴው ነው። ዛሬም ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ሲያከብር የሚሰማው የኮቴ ድምፅ በአመዛኙ ያልተጫማ ኮቴ ነው። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ፣ የዓድዋን ፈረሰኞች መታሰቢያ ያደረገ ነው። በምሥራቅ ሐረርጌ ኩንዱዶ ተራራ ላይ ደግሞ ጌታ የሌላቸው፣ ከሰው እጅ ወጥተው የኖሩ ፈረሶች አሉ፤ የእነሱን ኮቴ የሚሞርደው ዓለቱ ነው።

በሌላው ዓለምም ነገሩ አዲስ አይደለም። ግሪካዊው ዜኖፎን ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው ምዕተ ዓመት ስለ ፈረስ አያያዝ ሲጽፍ፣ በምስማር የሚመታ ጫማ በአውሮፓ ገና አልተለመደም ነበር። የመከረው መላ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል፤ ፈረሱ ከጋጣው ወጥቶ በሚቆምበት ቦታ እፍኝ የሚሞሉ ድቡልቡል ድንጋዮችን በብዛት አፍስሱ፣ እዚያ ላይ ሲቆምና ሲረግጥ ኮቴው ይጠነክራል ነው ያለው። በ1980ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጄሚ ጃክሰን የተባለ አሜሪካዊ፣ ጫማ መምታት ሥራው የነበረ ሰው፣ በምዕራብ አሜሪካ ደረቅ ምድር የሚኖሩትን የዱር ፈረሶች ተከታትሎ ኮቴያቸውን አጠና። ያገኘው አጭር ጣት፣ ወፍራም መዳፍና ዙሪያውን የተድቦለቦለ ጠርዝ ነው። ዛሬ በብዙ አገር ብረቱን አውልቀው ፈረሳቸውን በባዶ እግር የሚያኖሩ ሰዎች ከዚህ ጥናት ብዙ ወስደዋል።

እኛ ግን ከዚህ ሁሉ «ፈረስ ጫማ አያስፈልገውም» የሚለውን ግማሽ ብቻ ይዘን እንዳንቀር እሰጋለሁ። የእንጅባራው ፈረስ ሣር ላይ ይውላል፤ የኩንዱዶው ዓለት ላይ ይሄዳል፤ ሲደክመው ይቆማል። የዘነበወርቁ ዳማ ግን ጋሪ አስሮ ኮብልስቶን ላይ ይውላል፤ ማታ ደግሞ አራት ሜትር በማትሞላ፣ ፋንድያና ሽንት ባጨቀያት ማደሪያ ውስጥ ያድራል። ቀን ኮቴው እንደ ሞረድ በሚበላ ድንጋይ ይፋቃል፤ ሌሊት ይርሳል። ፈረስ ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉን የሚጥለው የፊት እግሮቹ ላይ ነው፤ ጭነት ስቦ ቁልቁለት ሲወርድ ደግሞ ይብስበታል። ለዚህ ነው የዳማው የፊት ኮቴዎች ጫፋቸው ተበልቶ የኋላዎቹ ግን የረዘሙት። ያው አንድ ፈረስ፣ ያው አንድ ቀን፣ ሁለት ዓይነት ችግር።

ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ወቅት የባሰ ነው። የሰፈሩ ጭቃ ዋልካ ነው፤ ይይዛል፣ ይጣበቃል፣ መዳፉን ሞልቶ አየር ይከለክላል። ያ ጥቁር የሚሸት ነገር የሚመጣው እንዲህ ነው። አየር በሌለበት የሚራቡ ባክቴሪያዎች መሐል ያለውን ለስላሳ ሥጋ ያበሰብሱታል። ቶሎ ከተደረሰበት መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በየቀኑ ስርጉዱን ማጽዳት፣ በጨው ውኃ ወይም ቀጠን ባለ አዮዲን ማጠብ፣ ከሁሉም በላይ ደረቅ ቦታ ማቆም። ችላ ከተባለ ወደ ሕያው ሥጋ ይገባል። በጋ ሲመጣ ደግሞ የራሰው ኮቴ በአንዴ ይደርቅና ይሰነጠቃል።

ባለጋሪዎች ስንጥቁን ሲያዩ የመኪና የተቃጠለ ዘይት ይቀባሉ። ከልባቸው ነው የሚያደርጉት፤ ኮቴው ያብረቀርቃል፤ የዳነም ይመስላል። ዘይቱ ግን ስንጥቁን አይገጥምም፤ እርጥበትና ቆሻሻ ከሥሩ አፍኖ ያስቀራል። ከዚህ የሚከፋው መተኮስ ነው። ያነከሰን እግር በጋለ ብረት መተኮስ በብዙ ቦታ የታመነ ሕክምና ነው፤ የሚጨምረው ግን ሌላ ቁስል ብቻ ነው። ሌላውም ልማድ የረዘመውን ኮቴ በመሮና በመዶሻ መቁረጥ ነው። መሮ የት ላይ መቆም እንዳለበት አያውቅም፤ ነጯን መስመር አልፎ ሲገባ ደም ይመጣል።

ትክክለኛው ቀረጻ ዝግ ያለ ሥራ ነው። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ አንዴ መደረግ አለበት፤ በኮብልስቶን ለሚሠራ ፈረስ የፊቶቹ ምንም ላያስፈልጋቸው ይችላል፣ ያኔ ጠርዙን ማድቦልቦል ብቻ ይበቃል። የሚያስፈልገው መሣሪያ ጫፉ የታጠፈ ቢላ፣ ጉጠትና ሰፊ ሞረድ ነው። ፈረሱ በደልዳላ መሬት ላይ ይቆምና መጀመሪያ ከፊትና ከጎን ይታያል፤ ከቁርጭምጭሚቱ የሚወርደው መስመርና የኮቴው ግንባር በአንድ አቅጣጫ ከሄዱ ጥሩ ነው፣ መሐል ላይ ከተሰበረ ወይ ጣቱ ረዝሟል ወይ ተረከዙ ከፍ ብሏል። ግራና ቀኙ ተረከዝ እኩል ይደረጋል፤ ካልሆነ ክብደቱ በአንድ ጎን እየተጫነ መገጣጠሚያውን ያበላሻል። መዳፉ አይፋቅም፤ ፈረሱን ከጠጠር የሚጠብቀው ውፍረቱ ነውና። መሐሉ ላይ ያለው ለስላሳ ሥጋም የተንጠለጠለና የበሰበሰ ነገር ከሌለው አይነካም። ልምድ የሌለው እጅ ብዙ ጊዜ የሚያጠፋው «ንጹሕ እንዲመስል» ብሎ እነዚህን ሁለቱን ሲልጥ ነው።

ስለ ምግብም ማንሣት ግድ ነው፤ ኮቴ የሚበላሸው ከሥር ብቻ አይደለም። ደክሞ የገባን ፈረስ «ይበርታልኝ» ብሎ ገብስ፣ ፍሩሽካ ወይም የጠላና የአረቄ አተላ በብዛት መስጠት ደግነት ይመስላል። ሆዱ ያልለመደው እህል በአንዴ ሲገባ ውስጡ ያለው መፈጨት ይናጋና መርዙ በደም አድርጎ ኮቴው ድረስ ይወርዳል። ቅርፊቱን ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዙት ቀጫጭን የሥጋ ቅጠሎች ያብጣሉ፤ ማበጫ ቦታ ግን የላቸውም፣ ከውጭ ቅርፊቱ ከውስጥ አጥንቱ ይይዛቸዋል። ፈረሱ የፊት እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ክብደቱን ወደ ኋላ ጥሎ ይቆማል፤ ኮቴው ይግላል፤ ከቁርጭምጭሚቱ በስተኋላ የደም ሥሩ በኃይል ሲመታ በጣት ይታወቃል። ይህን ያየ ሰው ጋሪውን ማሠር የለበትም። ሳይታከም ከቀረ አጥንቱ ከቅርፊቱ ተላቆ ወደ መዳፉ ሊዞር ይችላል፤ ያኔ ፈረሱ ለሥራ አይመለስም። በቀለበት መንገዱ አካፋይ ሣር ላይ አንገታቸውን ደፍተው የሚቆሙትን ባለቤት አልባ ፈረሶች ሳይ ዓይኔ ቶሎ የሚሄደው ወደ ኮቴያቸው ነው፤ የተጠቀለለ ጣት፣ የተሰነጠቀ ቅርፊት፣ እንዳይረገጥ የተንጠለጠለ እግር። ሠርተው ያበሉ እንስሳት ናቸው። እንዲህ መጣላቸው ያሳዝነኛል፤ ያሳፍረኛልም።

ዘነበወርቅ ላይ ከሁሉ የሚፈራው ግን ምስማር ነው። ግንባታ በበዛበት፣ የቆሼ ቆሻሻ መጣያም በቅርብ ባለበት አካባቢ መሬቱ ሽቦና ዝገት ይዟል። ወጣቱ ባለጋሪ ባለፈው ዓመት የሆነበትን ነገረኝ። ፈረሱ በድንገት አነከሰ፤ ሲያነሣው ምስማር መዳፉ ላይ ተሰክቷል፤ ነቅሎ ጣለውና ሥራውን ቀጠለ። ከቀናት በኋላ ፈረሱ እግሩን መሬት ማስነካት አቃተው፤ ቀዳዳው ላይ ላዩን ገጥሞ መግሉ ውስጥ ታፍኖ ነበር። የእንስሳት ሐኪም ቀዳዳውን ከፍቶ መግሉን አፈሰሰለት፤ ከዚያ ለብ ባለ የጨው ውኃ እየተዘፈዘፈ፣ በጨርቅና በማዳበሪያ ከረጢት እየተጠቀለለ ዳነ። «ለስንት ጊዜ ሥራ ፈታሁ መሰለህ?» አለኝ። ዕድለኛ ነበር። ምስማሩ መሐሉን ለስላሳ ሥጋ ወይም ዳሩን ይዞ ጠልቆ ቢሆን መገጣጠሚያው ድረስ ሊደርስ ይችል ነበር። ፈረስ ለመንጋጋ ቆልፍ ከማንኛውም የቤት እንስሳ ይበልጥ የተጋለጠ መሆኑም አይረሳ። ስለዚህ ሐኪም በቅርብ የሚገኝ ከሆነ ምስማሩን ሳይነቅሉ ፈረሱን ባለበት ማቆም ይሻላል፤ የት እንደገባና ወዴት እንዳዘመመ ሐኪሙ እንዲያይ ነው። መንቀል ግድ ከሆነም ቦታውን ምልክት ማድረግ፣ ጥልቀቱን ማስታወስ፣ ስለ መንጋጋ ቆልፍ መከላከያ መርፌም በዚያው ቀን መጠየቅ።

ይህን ዕውቀት አገራችን አጥታው አይደለም። ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሐኪሞችን ሲያሠለጥን ዐሥርተ ዓመታት አስቆጥሯል፤ ስፓና፣ ብሩክና ዶንኪ ሳንክቹዋሪ የተባሉት ለሥራ እንስሳት የቆሙ ድርጅቶችም በኢትዮጵያ ፈረስና አህያ ሲያክሙ፣ ባለጋሪዎችን ሲያስተምሩ ኖረዋል። ከኮሌጁ እስከ ዘነበወርቅ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሞላም። ወጣቱ ግን በሰፈሩ ኮቴ የሚቀርጽ ሰው አያውቅም። ጎማ የሚጠግን በየማዕዘኑ አለ፤ ጫማ የሚሰፋ አለ፤ ፈረስ አንሥቶ ኮቴውን የሚያይለት አንድም የለም። አንድ ሞረድና አንድ ቢላ ዐሥር ጋሪ ለሚያሠሩ ሰዎች በጋራ ይበቃል፤ የጎደለው እንዴት እንደሚያዝ የሚያሳይ ሰው ነው።

ከሽማግሌው ጋር ስንጫወት የዜኖፎንን ድንጋዮች አነሣሁላቸው። ብዙ አላስገረማቸውም። «ታዲያ ድንጋይ እዚህ ሞልቶ!» አሉና ወደ ማደሪያው ጠቆሙ። ከኮብልስቶን ንጣፍ የተረፈ ጠጠር አጥሩ ሥር ተከምሮ ነበር። ወጣቱ ሹል ሹሉን እየለየ፣ ድቡልቡሉን ብቻ ፈረሱ ውኃ በሚጠጣበት ጥግ ሊደለድለው ተስማማ፤ ውኃውም በሥሩ እንዲወርድ ትንሽ ቦይ ይቆፍርለታል። ማደሪያው ግማሹ ደረቅ ከሆነ ፈረሱ ራሱ መርጦ ደረቁ ላይ ይቆማል።

የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች በግንቦት ውስጥ አንድ ቅዳሜ መርጠው ባለጋሪዎቹን ከነፈረሶቻቸው ቢጠሩ፣ ከቢሾፍቱም አንድ ኮቴ ቀራጭ ይዘው ቢመጡ፣ የእያንዳንዱ ፈረስ አራት ኮቴ ዝናቡ ሳይጀምር ይታያል። ወጣቱን «ሥራ ፈትተህ ትመጣለህ?» አልኩት። «ቀኑን ብቻ ቀደም ብለው ይንገሩን» አለ፤ ካቻቪቴውን ሱሪው ላይ ጠርጎ ወደ ኋላ ቀኝ እግር እየዞረ።